ከግንቡ ሥር ያለው ትልም

በሐድሪያን ግንብ ኮረብቶች ላይ በእግር የሚደረግ የታሪክ ፍለጋ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ከታይን ወንዝ ሸለቆ በላይ ያለው ኮረብታማ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ባዶ የሚመስል ምድር ነው። ዛፉ ጥቂት፣ ነፋሱ ብዙ ነው። በጎች በድንጋይ ካብ በተከለሉ መስኮች ውስጥ ይግጣሉ፤ ዝናቡም ከምዕራቡ ባሕር እየተነሣ በጋ ክረምት ሳይል ይወርዳል። ዳሩ ግን ተጓዡ ጥቂት ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ ሲመለከት፣ ምድሪቱ ወደ አንድ ወገን አዘንብላ እየተነሣች ሄዳ፣ ጫፏ ላይ ስትደርስ በድንገት ተቆርጣ ገደል ስትሆን ያያል። በዚህ ገደል አፋፍ ላይ እየወጣና እየወረደ፣ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ የሚሄድ የድንጋይ መስመር አለ። ይህ የሐድሪያን ግንብ ነው።

የሮማ ጦር ብሪታንያን ለመያዝ የዘመተው በ43 ዓ.ም. ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአርባ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወራሪው የደሴቲቱን ደቡብ አስገብሮ እስከ ስኮትላንድ ተራሮች ደርሶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጦሩ በሌላ ግንባር ስለተፈለገ ሰሜኑን ለቅቆ ወደ ታይን ሸለቆ ተመለሰ። በ122 ዓ.ም. ቄሣር ሐድሪያን ራሱ ወደ ብሪታንያ መጣ፤ ከምሥራቁ ባሕር እስከ ምዕራቡ ባሕር የሚደርስ ግንብ የመሥራቱም ሥራ በዚያ ጊዜ ተጀመረ። ርዝመቱ በሮማውያን ልክ 80 ማይል፣ በዛሬው ልክ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምሥራቃዊው ጫፍ ዛሬ ወልዝኤንድ በምትባለው ከተማ፣ ምዕራባዊው ጫፍ ደግሞ ቦውነስ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ግንብ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ወሰን አድርጎ ይገምተዋል፤ ግንቡ ግን በሙሉ በእንግሊዝ አገር ውስጥ ያለ ነው።

ስለ ሐድሪያን ግንብ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው። አብዛኛውም የሚያወሳው ስለ ገንቢዎቹ፣ ይኸውም ስለ አለካካቸው፣ ስለ ድንጋይ አጠራረባቸውና ስለ ሥርዓታቸው ነው። ይህ ምስጋና ተገቢ ነው፤ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ እጥፍ ደስታ የሚሰጥ ነው። ሆኖም መስመሩን በእግሩ የሚከተል ሰው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን ጉዞ በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው በማን መሬት ላይ ነበር? ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው መልስ በግንቡ ላይ አልተጻፈም፤ የሚገኘው ከግንቡ ሥር ነው።

መንገዱና ድንጋዩ

ጉዞውን በመካከለኛው ክፍል፣ ከሰሜን ታይን ወንዝ በስተምሥራቅ ካለችው ፕሌንትሪስ ከምትባል ቦታ መጀመር ይጠቅማል። እዚህ የቆመው ግንብ ቁመቱም ርዝመቱም ትንሽ ነው። ነገር ግን የታሪኩን ሁለት ጫፎች በአንድ ላይ ያሳያል።

አንደኛው የግንቡ መፍረስ ታሪክ ነው። በ1745 በስኮትላንድ ዓመፅ በተነሣ ጊዜ፣ በኒውካስል የነበረው የመንግሥት ጦር መድፉን ይዞ ወደ ካርላይል ሊሻገር የሚችልበት መንገድ አጣ። በዚህ ምክንያት ከ1751 ጀምሮ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የጦር መንገድ ተሠራ። መንገድ ሠሪዎቹም ቀጥ ያለና ጠንካራ መሠረት በእጃቸው ስላገኙ፣ የግንቡን ቅሪት አፍርሰውና ሰባብረው በላዩ ጥርጊያውን ዘረጉበት። ዛሬም በዚያ መንገድ በመኪና የሚሄድ ሰው፣ ለብዙ ኪሎ ሜትር በሐድሪያን ግንብ መሠረት ላይ ይነዳል። መንገዱ ያልነካውን ደግሞ ገበሬው ለቤቱና ለበረቱ ሥራ ይወስደው ነበር። በ1801 ዊልያም ሃተን የሚባል የበርሚንግሃም መጽሐፍ ሻጭ፣ በ78 ዓመቱ ከቤቱ በእግሩ ተነሥቶ የግንቡን መስመር ከዳር እስከ ዳር ከሄደ በኋላ፣ እንዲሁ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወደ ፕሌንትሪስ ሲደርስ ግንቡ ለቤት መሥሪያ እየፈረሰ ነበር፤ ሽማግሌውም ማፍረሱ እንዲቆም ለመነ። ዛሬ እዚያ የሚታየው ቁራጭ ግንብ በዚያ ልመና የተረፈ ነው ይባላል።

ሁለተኛው የግንቡ አሠራር ታሪክ ነው። በፕሌንትሪስ ወርዱ ወደ 3 ሜትር የሚደርስ ሰፊ ግንብ ሲመጣ ይታይና፣ በአንድ ቦታ ላይ በድንገት ይጠባል። ከሥሩ ያለው መሠረት ግን ሳይጠብ ይቀጥላል። ይኸውም መጀመሪያ በወጣው ፕላን የግንቡ ወርድ 10 የሮማ ጫማ ነበር፤ መሠረት ጣዮቹ ቀድመው በዚሁ ልክ ሠርተው አልፈዋል። ከኋላ የመጡት ግንበኞች ሲደርሱ ግን ወርዱ ወደ 8 ጫማና ከዚያም በታች እንዲቀነስ ትእዛዝ ተላልፎ ነበር። ሥራውን ለማፋጠን ይሁን ድንጋይና ኖራ ለመቆጠብ፣ ትእዛዙ የደረሰው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። በሥራ መካከል የተለወጠ ፕላን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ይህን መጋጠሚያ ሲያይ የ1,900 ዓመቱ ርቀት በጥቂቱ ይቀንስለታል።

ሥራውን የሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የሕንፃ ጽሑፎቹ የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። ግንቡን ያቆሙት ሦስት ሌጌዎኖች፣ ማለት ሁለተኛው፣ ስድስተኛውና ሃያኛው ናቸው፤ እያንዳንዱ የመቶ አለቃ ጓድም የሠራውን ክፍል ስሙን በድንጋይ እየቀረጸ አስረክቧል። ከጦሩ ጋር ቀያሽ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ አናጢና ግንበኛ ነበር። ከዋናዎቹ ጽሑፎች አንዱ የሐድሪያንን፣ የሁለተኛውን ሌጌዎንና የአገረ ገዥውን የአውሉስ ፕላቶሪዩስ ኔፖስን ስም አንድ ላይ ይዟል። ለረጅም ዘመን ግንቡን የሠራው ከሐድሪያን 80 ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ቄሣር ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ነው ይባል ስለነበር፣ ይህን ስሕተት ለማረም ከረዱት ማስረጃዎች መካከል እንዲህ ያሉት ድንጋዮች ይገኙበታል።

ፕላኑና ጋራው

ከሰሜን ታይን ወንዝ ማዶ ምድሩ እየተነሣ ይሄዳል። ተጓዡ ግማሽ ቀን ያህል ወደ ምዕራብ ከሄደ በኋላ መንገዱን ትቶ ወደ አፋፉ ይወጣል። ከዚህ ጀምሮ ግንቡ የሚሄደው «ዊን ሲል» በሚባለው የጥቁር ድንጋይ ንብርብር ጫፍ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ ከ290 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀልጦ ከመሬት ውስጥ በመነሣት በሌሎች ድንጋዮች መካከል የገባና የረጋ ነው። ደቡባዊ ወገኑ ለስላሳ ተዳፋት፣ ሰሜናዊ ወገኑ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ቀያሾቹ ከዚህ የተሻለ መስመር ሊያገኙ አይችሉም ነበር። በሜዳው ክፍል ከግንቡ በስተሰሜን ጥልቅ ጉድባ ተቆፍሯል፤ ገደሉ ባለበት ግን የተፈጥሮው ምሽግ ስለሚበቃ ጉድባው ይቀራል። ዊን ሲል ለመጥረብ የማይመች ብርቱ ድንጋይ ስለሆነ፣ የግንቡ የውጭና የውስጥ ፊት የተሠራው በአካባቢው ከነበሩ የድንጋይ ካባዎች በወጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ያልተጠረበ እንደሆነ ከጭቃ ወይም ከኖራ ጋር ለመሐል ሙሌት አገልግሏል።

የግንቡ ሥርዓት ቀላልና ጥብቅ ነበር። በየአንድ የሮማ ማይል፣ ማለት በየ1,480 ሜትር፣ በሰሜንና በደቡብ በር ያለው ትንሽ ምሽግ ተሠርቷል። በሁለት ምሽጎች መካከል ሁለት ማማዎች ቆመዋል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በየ500 ሜትሩ ገደማ የሚጠብቅ ዓይን ነበር። ሥርዓቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ የሚታወቀው ከትልቁ ከሀውስቴድስ ምሽግ ጥቂት ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ነው። በዚያ የሚገኘው፣ የታሪክ ሊቃውንት 37ኛ ቁጥር የሰጡት የማይል ምሽግ፣ ሰሜናዊ በሩ በትላልቅ ጥርብ ድንጋዮች የተዋበ ነው፤ የቅስቱም መነሻ ድንጋዮች ይታያሉ። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው ጋሪ ሊያልፍበት በማይችል ቁልቁለት ላይ ነው። ልኩ በር እንዲኖር ባዘዘበት ቦታ፣ ጋራው ፈቀደም አልፈቀደም በር ተሠርቷል። ወታደሮቹ ከጊዜ በኋላ በሩን አጥብበው ለእግረኛ ብቻ አደረጉት።

ከዚህም የሚበልጥ ለውጥ ተደርጓል። በመጀመሪያው ፕላን ዋናው ጦር ከግንቡ በስተደቡብ ባሉት አሮጌ ምሽጎች እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ምሽጎቹ ወደ ግንቡ ራሱ እንዲመጡ ተወሰነ። በሀውስቴድስ ምሽግ ቅጥር ውስጥ፣ ቀድሞ ተሠርቶ የነበረና ለምሽጉ ሲባል የፈረሰ የማማ መሠረት ይታያል። ከዚያም ከግንቡ በስተደቡብ «ቫሉም» የሚባለው ሥራ ተጨመረ። ይህ 6 ሜትር ያህል ወርድና 3 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ግራና ቀኙ በአፈር ክምር የታጠረ ጉድባ ነው። ቫሉም ወደ ሰሜን የሚመለከት አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው የሚያግድ ነው። ማቋረጫውም በምሽጎቹ በር ላይ ብቻ ነበር። እንግዲህ ግንቡ በሰሜን ያለውን ጠላት ብቻ ሳይሆን፣ በደቡብ ያለውን የተገዛ ሕዝብ እንቅስቃሴም የሚቆጣጠር ነበር ማለት ነው።

በሀውስቴድስ የሙያውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ቦታ የምሽጉ ጎተራ ነው፤ ወለሉ እህሉ እንዳይሻግት በድንጋይ ቋሚዎች ላይ ከፍ ተደርጎ፣ ከሥሩ አየር እንዲዘዋወር ሆኖ ተሠርቷል። ሁለተኛው በምሽጉ ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፣ በተዳፋቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚገኘው የወታደሮች መጸዳጃ ቤት ነው። በምሽጉ ውስጥ ምንጭ ስለሌለ፣ የዝናቡ ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለው ቦይ እየፈሰሰ ቆሻሻውን ከቅጥሩ ውጭ ያወጣ ነበር። ከዚህ በስተምዕራብ፣ የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ከሆነው ከ345 ሜትሩ ከዊንሺልድስ ጫፍ ወዲያ ባለው በግሬት ቼስተርስ ምሽግ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የዚያ ምሽግ ውሃ የሚመጣው ከሰሜን ኮረብታዎች ነበር። በቀጥታ ቢለካ ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቦዩ ግን ድልድይ በመሥራት ፈንታ በየኮረብታው ወገብ እየዞረ፣ ተዳፋቱን ሳያጎድልና ሳያበዛ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ውሃውን ያደርሳል። ይህን መስመር ያወጣው ቀያሽ ስሙ አልታወቀም፤ የውሃ ልኩ ግን ዛሬም በሣሩ ላይ ይነበባል።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

ከሀውስቴድስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ፣ ከግንቡ በፊት ወደ 85 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው የቪንዶላንዳ ምሽግ ይገኛል። በ1973 የታሪክ ቅርስ ተመራማሪው ሮቢን በርሊ በዚህ ቦታ እርጥብ አፈር ውስጥ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገጾች አገኘ። አየር በማይገባው ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ስለቆዩ አልበሰበሱም። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ከሺህ በላይ ናቸው።

በእነዚህ ገጾች ላይ የጦር ሠራዊቱ ኑሮ ያለ ጌጥ ይታያል። አንዱ የመጀመሪያው የቱንግሪያን ሻለቃ የሰው ኃይል መግለጫ ነው። በመዝገብ ላይ ያሉት 752፣ በሌላ ግዳጅ ላይ የተሰማሩት 456፣ በቦታው ያሉት 296 ሲሆኑ፣ ከእነዚህም 15ቱ የታመሙ፣ 6ቱ የቆሰሉ፣ 10ሩ ዓይናቸውን ያመማቸው ናቸው። ይኸው ሻለቃ ከጊዜ በኋላ በሀውስቴድስ ሠፍሯል። ሌላው ገጽ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአንድ አዛዥ ሚስት፣ ሱልፒኪያ ሌፒዲና ለምትባል ጓደኛዋ የጻፈችው የልደት በዓል ጥሪ ነው። መደምደሚያው በራስዋ እጅ የተጻፈ በመሆኑ፣ በሴት እጅ ከተጻፉት የላቲን ጽሑፎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በግ እረኛ በማይታይበት በዚህ ነፋሻ ኮረብታ ላይ፣ ወዳጅዋ ካልመጣች በዓሉ እንደማይሞላላት የገለጸች ሴት እንደነበረች ማወቅ ልብን የሚነካ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ገጾቹን በጥሞና ለሚያነብ ሰው፣ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው ይከብዳል። የአገሬው ሰዎች በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ድምፅ የላቸውም። አንድ ማስታወሻ ስለ ብሪታንያውያን ፈረሰኞች የጦር ስልት ያወሳና፣ «ብሪቱንኩሊ» በሚል ቃል ይጠራቸዋል፤ ይህ ቃል ሰዎቹን በማናናቅ «እነዚያ ብሪታንያውያን» እንደ ማለት ያለ ነው። ሌላው ገጽ በበትር የተደበደበ ሰው ያቀረበው አቤቱታ ነው። አቤት ባዩ ጥፋት እንዳልሠራ ከመግለጹም በላይ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው መሆኑን ይጨምራል። የባሕር ማዶ ሰውነቱን መከራከሪያ ማድረጉ ብዙ ነገር ያሳያል። እንግዳ ሰው ያለ ጥፋት መደብደቡ የሚያስገርም ከሆነ፣ የአገሬው ሰው ቢደበደብ ግን አቤቱታ የሚገባው አልነበረም እንደ ማለት ነው።

የአገሬው ሰው እንግዲህ የት አለ? መልሱን ያገኙት በግንቡ መስመር ላይ ጥንታዊውን አፈር በጥንቃቄ ያነሡት ቆፋሪዎች ናቸው። በወልዝኤንድ ምሽግ ሥርና በሌሎችም የመስመሩ ቦታዎች፣ ከሮማውያን መሠረት በታች የእርሻ ምልክት ተገኝቷል። በአንዳንዱ ቦታ የታየው ማረሻ በአፈሩ ላይ ያሳለፈው ትልም ነው። ይህ ማረሻ አፈሩን የሚገለብጥ ሳይሆን የሚሰነጥቅ ነበር፤ በሞፈርና በቀንበር ከሚያርሰው የኢትዮጵያ ገበሬ ማረሻ ጋር በአሠራሩ አንድ ወገን ነው። እንዲህ ባለው ማረሻ አንድ ጊዜ ብቻ በመሰንጠቅ መሬቱን ማለስለስ ስለማይቻል፣ ገበሬው አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም እያቋረጠ ይደጋግመዋል። በግንቡ ሥር የተገኘው ትልምም እንዲሁ እርስ በርሱ የሚሻገር ነው። በአገሩ ይህን ዓይነት እርሻ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል። ባዶ መሬት አልነበረም። ባለቤት ነበረው፤ ለዘር ይዘጋጅ ነበር።

ትልሙ የሚነግረው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ የሆነውን የሚነግሩት ደግሞ ከኒውካስል በስተሰሜን ባለው ሜዳ ላይ የተደረጉ ቁፋሮዎች ናቸው። በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የድንጋይ ከሰል ከመውጣቱና አዳዲስ ቤቶች ከመሠራታቸው በፊት በተደረገው ምርምር፣ ክብ ቤቶችና የዙሪያ ጉድባ የነበራቸው ትላልቅ የገበሬ ሠፈሮች ተገኙ። እነዚህ ሠፈሮች ለብዙ ትውልድ ሰው ሲኖርባቸው ቆይተው፣ ግንቡ ከተሠራበት ዘመን ጋር በተቀራረበ ጊዜ ባዶ ሆነዋል። ከብቱን ወደ ደቡብ ገበያ ይነዳ የነበረው፣ ዘመዶቹን በወንዙ ማዶ ይጠይቅ የነበረው ሕዝብ በመካከሉ ግንብ ቆመበት። ሕዝቡ ወዴት እንደ ሄደ የሚገልጽ ጽሑፍ የለም፤ የቤቶቹ ምሰሶ ጉድጓድ ግን የቀድሞ ኑሮውን ይመሰክራል።

የሩቅ አገር ሰዎች

ግንቡን የጠበቁት ሰዎች ከኢጣልያ የመጡ ብቻ ይመስሉት የነበረ ተጓዥ፣ በየቤተ መዘክሩ የተቀመጡትን የመቃብርና የመሠዊያ ድንጋዮች ሲያይ አሳቡን ይለውጣል። ቱንግሪያኖቹ ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር የሚኖሩ ነገድ ነበሩ። በካርቮራን የሶርያ ቀስተኞች ሠፍረው ነበር። ከካርላይል በስተምዕራብ ባለው በበርግ ምሽግ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የሞር ወታደሮች ነበሩ። በታይን ወንዝ አፍ ላይ ደግሞ በመጨረሻው ዘመን የጤግሮስ ጀልበኞች ተመድበዋል። የሮማ መንግሥት አንዱን የተገዛ ሕዝብ በሌላው የተገዛ ሕዝብ ያስጠብቅ ነበር።

ኢትዮጵያ የሚለውም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠቅሷል። ቄሣር ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ፣ ራሱ በዛሬዋ ሊቢያ በሌፕቲስ ማግና የተወለደ ሲሆን፣ በ208 ዓ.ም. ሰሜኑን ለማስገበር ወደ ብሪታንያ ዘምቶ በ211 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ ሞተ። «የነገሥታት ታሪክ» በመባል የሚታወቀው የላቲን መጽሐፍ እንደሚያወሳው፣ ቄሣሩ ከግንቡ አካባቢ ሲመለስ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር፣ በጨዋታው የታወቀ ሰው፣ ለሐዘን ከሚቆረጥ የጥድ ዓይነት ዛፍ የተጎነጎነ አክሊል ይዞ አገኘው። ቄሣሩም ይህን የሞት ምልክት ቆጥሮ ደነገጠ ይባላል። መጽሐፉ ከነገሩ በኋላ ብዙ ቆይቶ የተጻፈና ተረት የሚያበዛ ስለሆነ፣ ወሬውን እንደ ምስክር ቃል መቀበል አይገባም። «ኢትዮጵያዊ» የሚለውም ቃል በዚያን ዘመን በግሪኮችና በሮማውያን አነጋገር ከግብፅና ከበረሃው በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በሙሉ የሚጠራ እንጂ የአክሱምን ሰው ለይቶ የሚያመለክት አልነበረም። ይህም ሆኖ ደራሲው ጥቁር ወታደር በዚያ ዳርቻ መገኘቱን አንባቢ ይጠራጠረዋል ብሎ አልሰጋም፤ ይህ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበው ድንጋይ በታይን ወንዝ አፍ፣ በሳውዝ ሺልድስ የሚገኘው የሬጂና መቃብር ነው። ሬጂና በደቡብ ብሪታንያ የካቱቬላውኒ ነገድ ተወላጅ ስትሆን፣ በባርነት ከኖረች በኋላ ነጻ ወጥታ፣ የሶርያይቱ የፓልሚራ ከተማ ሰው የሆነውን ባራቴስን አገባች። በ30 ዓመትዋ ስትሞት ባልዋ ሐውልት አቆመላት። ዋናው ጽሑፍ ላቲን ነው። ከሥሩ ግን ባልየው በአገሩ ፊደል አንድ መስመር ጨምሮ፣ ነጻ የወጣች ሚስቱን በስምዋ ጠርቶ የሐዘን ቃል አስቀርጿል። ቋንቋው የግዕዝና የአማርኛ ዘመድ የሆነው አራማይክ ነው። «ነጻ የወጣች» ለማለት የገባው አነጋገርም በጥሬው «የነጻነት ልጅ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ቃሉ «ሐርነት» ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ባርነትና ነጻነት፣ ስደትና ፍቅር በአንድ ድንጋይ ላይ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ሐውልት በመስመሩ ሁሉ ሌላ አይገኝም። የሬጂና ነገድ ስም በሌላ ድንጋይም ይታያል። የካቱቬላውኒ፣ የዱሮትሪጌስና የዱምኖኒ ሕዝቦች ከሩቁ ደቡብ እየመጡ በግንቡ ላይ መሥራታቸውን የሚገልጹ አጫጭር የሥራ ጽሑፎች ተገኝተዋል። የተገዛው ሕዝብ ስሙ በግንቡ ላይ የሚገኘው፣ የገዥውን ግንብ ሲጠግን ነው።

ከግንቡ በኋላ

የሮማ አገዛዝ በብሪታንያ ያበቃው በ410 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ግንቡም ከዚያ በኋላ ለአካባቢው ሕዝብ የድንጋይ ካባ ሆነ። በ7ኛው መቶ ዓመት በሄክሳም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የምድር ቤቱ ግድግዳ ከሮማውያን ሕንፃዎች በመጣ ድንጋይ የቆመ ነው። የገበሬው ቤት፣ የበጉ በረት፣ የመስኩ ካብ ሁሉ ከዚያው ተሠራ። ይህን ጥፋት ብቻ አድርጎ መቁጠር አይገባም። ትልሙ የተቀበረበት ሕዝብ ልጆች፣ ሳያውቁትም ቢሆን፣ ድንጋዩን ወደ እርሻቸው መለሱት።

የማፍረሱ ሥራ በመካከለኛው ክፍል የቆመው በአንድ ሰው ጥረት ነው። የኒውካስል ከተማ ጸሐፊ የነበረው የሕግ ባለሙያ ጆን ክሌይተን ከ1834 ጀምሮ ግንቡ የሚያልፍባቸውን እርሻዎች እየገዛ፣ የወደቀውን የፊት ድንጋይ እንደገና እያስካበ ጠበቀው። ግንቡ በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚወስደው የእግር መንገድም በ2003 ተከፈተ። ገደሉ ዝቅ በሚልበት አንድ ቦታ ላይ ለብዙ ዘመን ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ነበር። በመስከረም 2023 በሌሊት ተቆረጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ከጉቶው አዲስ ቅጥያ አቆጠቆጠ። ተጓዦች ዛሬ በዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የወረራ ሥራ እንዴት ይመዘናል የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያ የሙያ ሰው ከሩቅ የመጣ ጥያቄ አይደለም። በ1936 የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት አዲስ አበባን ይዞ የሮማ መንግሥት ዳግመኛ ተነሣ ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ የሐድሪያንን ዘመን ቋንቋና ምልክት ለራሱ ወስዶ ነበር። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት በሮማ አደባባይ መተከሉ የዚሁ አሳብ ሥራ ነበር፤ ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በስፍራው ቆሟል። በዚያው የወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶች፣ ድልድዮችና የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከወረራው በኋላ ለአገሩ ሕዝብ አገልግለዋል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው የዋሻውን አሠራር ቢያደንቅ ከእውነት አይርቅም። ነገር ግን አድናቆቱ ሥራው ለምን ዓላማ፣ በማን መሬት ላይና በማን ፈቃድ እንደተሠራ ከመጠየቅ ካገደው፣ ፕላኑን በግማሽ ብቻ አነበበ ማለት ነው።

የሮማውያን ቀያሾች ልካቸው የተመሰከረ ነው። ማይሉን ቆጥረው በር ከፍተዋል፤ ኮረብታውን ዞረው ውሃ አምጥተዋል፤ ስማቸውን በድንጋይ አስቀርተዋል። ከመሠረቱ ሥር ያገኙትን የታረሰ መሬት ግን የመዘገበ የለም። መሬቱን ማን ያርሰው እንደነበር፣ ግንቡ ሲመጣ ወዴት እንደ ሄደ፣ ዘሩን ዘርቶት እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ በመዝገባቸው አልነበረም። በአዲስ ቦታ ላይ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ሁሉ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት ሊሞላው የሚገባው ዓምድ ይኸው ነው። ከጋራው የሚወርደው ተጓዥም ይዞት የሚመለሰው ትልቁ ትምህርት፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ከሚታየው ግንብ ይልቅ ከሥሩ ባለው፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም በተሰነጠቀው አፈር ላይ የተጻፈ ነው።